የጡረተኛው ቁም ሳጥንና የመስከረም ገበያ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የአዲስ አበባ የልብስ ገበያ ይሟሟቃል። በሽሮ ሜዳ ባለ ጥበብ ቀሚሶች እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ተሰቅለው ይታያሉ፤ በመርካቶ ሸማቹና ተሸካሚው ይጋፋል፤ በመገናኛ ዙሪያም የሕፃናት ልብስ በክንዱ አንጠልጥሎ የሚጣራው ነጋዴ ይበዛል። ገበያው የሚሰናዳው ግን በአመዛኙ ለወጣቱና ለሕፃኑ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈና ኑሯቸው በየወሩ በሚከፈል የጡረታ አበል ላይ የተመሠረተ ሸማቾች ከዚህ ሁሉ ድምቀት መካከል የሚበጃቸውን ለይተው ለመግዛት ሲቸገሩ ይስተዋላል።

ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ሠፈሮች አንዱ የካ አባዶ ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ ጫፍ የሚገኘው ይህ የኮንዶሚኒየም መንደር ቤት በዕጣ ደርሷቸው ከመሐል ከተማ የመጡ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሲሆን፣ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የተቀመጡ አዛውንትም ይገኙበታል። ከዚያ ተነስቶ ሽሮ ሜዳ ወይም መርካቶ ደርሶ መመለስ ታክሲ እያቀያየሩ ቀኑን የሚያውሉበት ጉዞ ነው። የድሮ ሸማቾች የለመዱት ፒያሳም ከፊሉ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። በመሆኑም አንድ የተሳሳተ ግዢ የሚያስከትለው ኪሳራ የልብሱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን ለመመለስ የሚወጣው የመጓጓዣ ገንዘብና ድካም ይጨመርበታል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አይመለስም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ሞልቶ ሳለ የሚለበስ የሌለበት

የጡረተኛ ቁም ሳጥን ባዶ ሆኖ አይገኝም። እንዲያውም ሞልቶ በሩ አልዘጋ ይላል። የሞላው ግን ባለቤቱ መርጠው በገዙት ልብስ አይደለም። ከፊሉ ከሥራ ዘመን የተረፈ ሙሉ ልብስ ነው፤ ወገቡ ጠቧል ወይም ትከሻው ሰፍቷል። ከፊሉ ለአንድ ሠርግ ሲባል የቤተ ዘመድ ሴቶች ሁሉ በአንድ ዓይነት ጨርቅ ያሰፉት ቀሚስ ነው፤ ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ የሚለበስበት ቦታ አልተገኘም። ልጆች ለበዓል የሚያመጡት አለ። ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር በሻንጣ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወይ ለበረዶ አገር የተሠራ ወፍራም ጃኬት ነው፣ ወይ ደግሞ ላብ የማይመጥ ፖሊስተር ቀሚስ ነው። ሁሉም በየራሱ ጥሩ ዕቃ ይሆናል። አንዱ ከአንዱ ጋር ስለማይሄድ ግን ባለቤቲቱ ዘወትር የሚለብሱት ያችኑ ሁለት ልብስ ነው።

ይህ ነገር ቀድሞ ብዙም የማያሳስብ ነበር። አሁን ግን የዋጋው ጉዳይ አለ። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከውጭ የሚገባ ልብስም፣ ክርም፣ ቀለምም የሚገዛው በዚሁ ገንዘብ ነው። የጡረታ አበል ደግሞ ማስተካከያ እስኪደረግበት ድረስ ባለበት ይቆያል። ለዓመት በዓል ተብሎ የሚወጣው የልብስ ገንዘብ ከመድኃኒትና ከዘይት ጋር የሚሻማ በመሆኑ፣ ጥቂት ገዝቶ ብዙ የመልበስ ዘዴ ለጡረተኛው የቅንጦት ጨዋታ ሳይሆን የወር ሒሳብ ጥያቄ ነው።

በውጭው ዓለም ለዚህ ዘዴ የተሰጠው ስም «ካፕሱል» የሚል ነው። በየወሩ የደም ግፊት ክኒን ለሚገዙ አዛውንት ስሙ ሌላ ነገር ማስታወሱ ባይቀርም፣ ሐሳቡ ቀላል ነው። ሱዚ ፎ የተባሉ በለንደን የልብስ መደብር የነበራቸው ሴት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ፋሽን የማይጥላቸው ጥቂት ልብሶችን ይዞ እርስ በርስ እያቀያየሩ መልበስ ማለት ነው። አሜሪካዊቷ ልብስ ቀያሽ ዶና ካራን እ.ኤ.አ. በ1985 በሰባት ቁርጥራጭ ልብሶች ላይ የተመሠረተ ሥራ አቅርበው ሐሳቡን በሰፊው አስተዋውቀውታል። መሠረቱ ቀለም ነው። ልብሶቹ ረጋ ባሉ ቀለሞች፣ ይኸውም በነጭ፣ በክሬም፣ በግራጫ፣ በቡናማና በጥቁር ከተወሰኑ ማንኛውም ከማንኛውም ጋር ይሄዳል።

በዚህ በኩል ኢትዮጵያዊው አዛውንት ከለንደን የሚማረው ብዙ የለም። ነጭ ሸማ ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ ዓመቱን የሚዘልቅ ሰው የኖረበት አገር ነው። ለረጋ ቀለም የሚሆን ቃልም አልጠፋም። ቡላ፣ ዳለቻ፣ ዳማ፣ ገብስማ፣ አመድማ ሲባል የገጠር ሰው ለበቅሎው፣ ለላሙና ለዶሮው የሚጠቀምባቸው ስሞች ናቸው፤ ልብስ ሻጩ «ቤዥ» እያለ የሚጠራውን ቀለም የገጠሩ ሰው ቡላ ብሎ ይረዳዋል።

አንድ ነጠላ በሦስት አለባበስ

የጥቂት ልብስ ዘዴ ጥቅሙ በደንብ የሚታየው በነጠላ ላይ ነው። ያው ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ይጣፋል፤ ለልቅሶ ይዘቀዘቃል፤ ለዘመድ ጥየቃ በትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል። ልብሱ አንድ ነው፤ የሚለወጠው አለባበሱ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ጥለቱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ደማቅ ቀይና ወርቃማ ጥለት ያለው ነጠላ ለመስቀል በዓል ያምራል፤ ለልቅሶ ግን አይወጣም። እንዲህ ያለ ነጠላ የያዙ እናት ሌላ ነጠላ መግዛት ግድ ይሆንባቸዋል።

ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የልቅሶው ጥሪ ከሠርጉ እየበዛ ይመጣል። የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ጠዋት በአስቸኳይ የሚወጣበት ልብስ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ለአዛውንት የሚገዛው የመጀመሪያው ዕቃ ጥለቱ ጠበብ ያለ፣ ቀለሙ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ነጭ በነጭ የሆነ ነጠላ ቢሆን ገንዘቡን በቶሎ ይመልሳል። በዓል በዓል የሚሸት ባለ ቀለም ጥለት የሚፈልጉ እናት ቢኖሩ ሁለተኛው ነጠላቸው እሱ ይሁን።

የቅርብ ሰው ሞቶባቸው ከል የለበሱ እናቶች ጉዳይ ለብቻው መታየት ይገባዋል። የሐዘኑ ጊዜ ሲያበቃ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ጥቁሩን ሲያስወልቅ አዲስ ልብስ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ደስ ይበላቸው» ተብሎ የተመረጠ ደማቅ ቀሚስ ሲሆን፣ ከጥቁር ወጥተው በአንድ ቀን ወደ ብርቱካናማ መሻገር የሚከብዳቸው ግን አሉ። ክሬም ወይም ግራጫ ቢመጣላቸው ከነበራቸው ጥቁር ጉርድና ጥቁር ሹራብ ጋር አብሮ ስለሚለበስ የከሉ ልብስም አይባክንም። ስጦታ ገዢዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሁለት ዓይነት ነጭ

ረጋ ያለ ቀለም ሁሉ እርስ በርሱ ይስማማል የሚለው የሻጭ ወሬ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነጭ ቢባልም ጠጋ ብለው ሲያዩት ወደ ክሬም ያደላል። የፋብሪካ ነጭ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያጋድላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲለበሱ ክሬሙ ያልታጠበ ይመስላል። ስለዚህ ሸማቹ ከመግዛቱ በፊት አንድ ወገን መምረጥ ይኖርበታል። የእጅ ፈትል ነጠላና ጋቢ ያለው ሰው ክሬም፣ ቡላና ቡናማ የያዘውን ሞቅ ያለ ወገን ቢይዝ ይሻለዋል። የፋብሪካ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጉርድ የበዛበት ሰው ወደ ግራጫውና ወደ ጥቁር ሰማያዊው ቢሄድ ያዋጣዋል። ሁለቱን ወገን ቀላቅሎ መጀመር ተመልሶ ወደ ሞላው ቁም ሳጥን መግባት ነው።

እዚህ ላይ የዓይን ነገር አለ። ዕድሜ ሲጨምር የዓይን ሌንስ ወደ ቢጫነት ያደላል፤ በዚህም ምክንያት ሰማያዊን ከጥቁር፣ ክሬምን ከነጭ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። በሱቅ አምፖል ሥር ጥቁር ተብሎ የተገዛው ጉርድ ቤት ሲደርስ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ መገኘቱ ሻጩ ስላታለለ ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ልብሱን ይዞ ከሱቁ ደጃፍ ወጥቶ በቀን ብርሃን ማየት፣ ከተቻለም ዓይኑ ደህና የሆነ የልጅ ልጅ ይዞ መሄድ ነው። ውጭ አገር ላሉ ልጆች የሚላከው የስልክ ፎቶ ቀለም ስለሚለውጥ፣ ከልብሱ ስፌት ውስጥ የተቆረጠች ቅዳጅ ጨርቅ በሚሄድ ሰው እጅ መላክ ከፎቶው የበለጠ ታስረዳለች።

ምን ያህል ይበቃል?

በየካ አባዶ የሚኖሩ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ለምሳሌ ይወሰዱ። ሁለት ቀሚስ፣ ሁለት ጉርድ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ካፖርት፣ ሁለት ነጠላና አንድ ጋቢ ቢኖራቸው 13 ልብስ ይሆናል። ሁለት ጫማ ሲጨመር 15 ዕቃ መሆኑ ነው። ሁለቱ ጉርድ ከሦስቱ ሸሚዝ ጋር ስድስት ዓይነት አለባበስ ይሰጣሉ፤ እነዚህ ያለ ሹራብ፣ በመጀመሪያው ሹራብ ወይም በሁለተኛው ሹራብ ሲለበሱ 18 ይደርሳሉ። ሁለቱ ቀሚሶችም በዚያው ስሌት ስድስት ይጨምራሉ። ድምሩ 24 ነው። ሴትየዋ 24 ዓይነት አለባበስ የሚያሳዩት ለማን ነው ቢባል መልስ የለውም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ አንዱ ታጥቦ ገመድ ላይ ሳለ ሌላው ቦታውን ይሸፍናል። ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝና አጠባውን ለሚመጣበት ቀን ለሚያቆይ ቤት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሹራብና ጋቢ በዝርዝሩ ውስጥ የገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከመስከረም በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ቀኑ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ፣ ሌሊቱ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ይህን የአበባ ወቅት ጸደይ ይለዋል እንጂ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የወቅት አከፋፈል ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መጸው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 በኋላ የሚመጣው ነው። ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ ማለዳ ኪዳን የሚሄዱ አዛውንት ሲወጡ ብርድ፣ ሲመለሱ ፀሐይ ይጠብቃቸዋል። አንድ ወፍራም ልብስ ይህን አይችለውም። ስስ የጥጥ ሸሚዝ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ነጠላ ወይም ካፖርት ሲሆን ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር አንዱን እያወለቁ መያዝ ይቻላል። ለዚህም ሹራቡ በራስ የሚጠለቅ ሳይሆን ከፊት የሚከፈት መሆን አለበት። ክንድ ወደ ላይ ማንሳት ለሚያማቸውና ጣታቸው ለሚያብጥ ሰዎች ቁልፉም ትልልቅ ቢሆን ይመረጣል። ልብስ ሰፊ ትንሹን ቁልፍ አውጥቶ ትልቁን ለመትከል የሚያስከፍለው ከአዲስ ሹራብ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የቀሚስና የጉርድ ርዝመትም የዕድሜ ጉዳይ ነው። ኮንዶሚኒየም ደረጃ አለው፤ እስከ መሬት የሚደርስ የበዓል ቀሚስ ለብሶ ፌስታል ይዞ ደረጃ መውጣት ለመውደቅ መጋበዝ ነው። ቁርጭምጭሚትን የማያልፍ ቀሚስ፣ ለስልክና ለመነጽር የሚሆን ጠለቅ ያለ ኪስ፣ በወገቡ ላስቲክ የገባበት ጉርድ ማሰፋት ለሠፈር ልብስ ሰፊ የሚያስቸግር ሥራ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ተሰፍተው የሚሸጡ ቀሚሶች ላይ ግን ኪስ ማግኘት የዕድል ነገር ነው።

ጨርቁን መለየት

በሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠሩት በአመዛኙ ከጋሞ ምድር፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ዋጋውን ከሚወስኑት ነገሮች ዋናው ክሩ ነው። ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ሲሆን ማጉ የእጅ ፈትል ይሆናል። ድሩም ማጉም የፋብሪካ የሆነው ረከስ ይላል፤ የእጅ ፈትል የበዛበት ይወደዳል፣ ግን ይለሰልሳል፣ ይሞቃልም። የእጅ ፈትሉ ወፈር ቀጠን ስለሚል በብርሃን አንጻር ሲታይ ይታወቃል፤ የፋብሪካው አንድ ወጥ ነው። ከዚህ ሌላ በማሽን ታትሞ ጥበብ መስሎ የሚቀርብ የውጭ ጨርቅ በገበያው ውስጥ አለ። ይህን ለመለየት ልብሱን መገልበጥ በቂ ነው፤ የተሸመነ ጥለት በጀርባውም በኩል ክሩ ይታያል፣ የታተመው ግን በጀርባው ፈዛዛ ነው።

ጥጥ ነው ተብሎ የሚሸጥን ጨርቅ ለመፈተን ከጠርዙ አንድ ክር መዞ ማቃጠል የቆየ ዘዴ ነው። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ይነድና በጣት ሲነካ የሚበን ግራጫ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ይተዋል። ቆዳ በዕድሜ ሲደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ያሳክካል፤ ከማድቤት እሳት አጠገብ ሲሆንም አደገኛ ነው። የጥለቱን ቀለም መልቀቅ ለማወቅ ደግሞ ነጭ መሀረብ በውኃ አርሶ ጥለቱን ማሸት ነው። መሀረቡ ቀለም ከያዘ ነጠላው በመጀመሪያው አጠባ ይበላሻል። ሻጩ ይህን እንዲያደርጉ ካልፈቀደ ምክንያት አለው ማለት ነው።

አቡጀዲ ርካሽ፣ ጠንካራና በተፈጥሮው ክሬም በመሆኑ ለዚህ ዓይነት አለባበስ የተፈጠረ ይመስላል። ሆኖም ለአዛውንት አቡጀዲ አምጥቶ «ቀሚስ ያሰፉበት» ማለት የከፈን ነገር ስለሚያስታውስ ብዙዎች አይወዱትም። ለውስጥ ልብስና ለገበር ቢውል ማንም አይቀየምም።

የሱፍ ሹራብና ካፖርት በተመለከተ ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በልባሽ ጨርቅ ላይ ነው። በቦንዳ ታስሮ የሚመጣው ይህ ዕቃ ወደ አገር ውስጥ መግባቱ በሕግ የተከለከለ መሆኑ ይታወቃል፤ ደረሰኝም ሆነ መመለሻ የለውም። ይህም ሆኖ ከአዲሱ አክሪሊክ ይልቅ ንጹሕ ሱፍ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ መሆኑ አይካድም። የሚገዛ ሰው ሹራቡን ወደ ፀሐይ አንስቶ ብል የበላው ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን፣ ብብቱንና ክርኑን ማየት ይኖርበታል። በፈላ ውኃ ታጥቦ የተኮማተረ ሱፍ እንደ ቁርበት ደርቆ ይገኛል፤ እሱ አይለቅም።

ሒሳቡ

የልብስ ውድነት የሚለካው በዕለቱ በተከፈለው ዋጋ ብቻ አይደለም። ለስሌት ያህል አንድ የበዓል ቀሚስ 6,000 ብር ተገዝቶ በዓመት አራት ጊዜ ቢለበስና ሦስት ዓመት ቢቆይ፣ 12 ጊዜ ተለብሷል ማለት ስለሆነ እያንዳንዱ ቀን 500 ብር ፈጅቷል። አንድ ግራጫ ሹራብ ደግሞ 3,000 ብር ተገዝቶ በዓመት ውስጥ ለ30 ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን ቢለበስና እሱም ሦስት ዓመት ቢዘልቅ 270 ጊዜ ይለበሳል፤ ለቀን የሚደርሰው 11 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከፍ ብሎ መውጣት ያለበት ዘወትር በሚለበሰው ላይ፣ ይኸውም በነጠላው፣ በሹራቡና በጫማው ላይ ነው። በተግባር የሚታየው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ለበዓሉ ቀሚስ ብዙ ይወጣና ለዘወትሩ ሹራብ ክርክር ይነሳል።

ጊዜውም ዋጋ አለው። ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ሳምንታት ገዢው ስለሚበዛ ሻጩ ዋጋ አይቀንስም። ሸማኔው ደግሞ ሥራ ተደራርቦበት ይቸኩላል፤ የተቸኮለ ሸማ ይሳሳል። መስቀል ለጋሞ ሕዝብ ትልቁ በዓል በመሆኑ ብዙ ሸማኔ በዚያ ሰሞን ወደ አገሩ ይገባል፤ በዚህ ጊዜ የተሰጠ ትዕዛዝ መዘግየቱ አይቀርም። የሚያዋጣው ወይ በሰኔና በሐምሌ አስቀድሞ ማዘዝ፣ ወይ በዓሉን በነበረው ልብስ አሳልፎ በጥቅምት መግዛት ነው። በጥር የሠርጉ ወራት ሲገባ ገበያው ዳግም ይወደዳል።

አዲስ የእጅ ፈትል በመጀመሪያው አጠባ ይሰበሰባል። ቀሚስ የሚሰፋበት ከሆነ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ ማደርና ደርቆ መምጣት አለበት፤ ይህን ያልጠየቀ ልብስ ሰፊ ከወር በኋላ ቀሚሱ ሲያጥር ኃላፊነቱን አይወስድም። ነጩን ለማንጣት በረኪና ማብዛት የጥጡን ክር ያሳሳዋል፤ ሱፍ ላይ ከነካም ያበላሸዋል። ቀድሞ ሸማ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶዱ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉትም ሰዎች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንዶድ የሚወቅጥ ባይኖርም፣ ለብ ባለ ውኃና በደረቅ ሳሙና ማሸት፣ ሳይጠመዝዙ ጨምቆ ማስጣት ለነጠላ ዕድሜ ይበጃል። ባለ ጥለቱ ቀለሙ እንዳይበር ጥላ ሥር ቢሰጣ ይሻላል።

ለወንዶቹ ነገሩ ይቀላል። ግራጫና ቡላ ሱሪ፣ አራት ሸሚዝ፣ አንድ ኮት፣ አንድ እጅጌ ያለውና አንድ እጅጌ የሌለው ሹራብ፣ ጋቢና ነጠላ ከያዙ ከቤተ ክርስቲያንም፣ ከመስጊድም፣ ከእድር ስብሰባም አይቀሩም። መስጊድ የሚሄዱት ነጭ ጀለቢያና ኮፍያቸውን ይጨምራሉ፤ እሱም ከዚያው የቀለም ወገን ነው። ብዙ ጡረተኞች ከመሥሪያ ቤት ዘመናቸው የተረፈ ጥሩ የሱፍ ኮት አላቸው። ክሱ ሆነው ከሰፋባቸው ጎኑን ማስጠበብ ይቻላል፤ ትከሻውን ማስጠበብ ግን እጅጌ ነቅሎ እንደገና መትከል ስለሚጠይቅ ዋጋውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ካፖርት ላይ ከሆነ ትከሻው ሰፋ ብሎ ቢቀር ይመረጣል፤ ከሥሩ ሹራብ ይለበሳልና።